ግንባሯ ላይ እሾህ ያላት ዓሣ

ከቡሬ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠዋት ነው። ሰው እህሉን ጭኖ ሲገባ እኔ የማስተማሪያ ቦርሳዬን ብቻ አንግቤ ወጣሁ፤ ያየኝ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ የምሄድ እንዲመስለው። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አባየ እስከ መኪናው ሸኙኝና «ስትደርሺ ደውይ» አሉኝ። የት እንደምደርስ ሁለታችንም አናውቅም።

መንገዱን ልለፈው፤ የሄደበት ያውቀዋል። የደረስኩት ኖርዌይ ነው። ዝናቡ የቡሬን ሐምሌ ያስንቃል፣ ግን አፈሩ አይሸትም።

የሥራ ቢሮው ሰውዬ፣ «ሙያ?» አለኝ።

«የባዮሎጂ መምህርት።»

«የጽዳት ልምድስ?»

«ጥቁር ሰሌዳ አጠፋ ነበር።»

ሳይስቅ ጻፈው። በዚያው አንድ ሙዚየም ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ።

አንድ ቀን መደርደሪያ ስወለውል ከአንድ ብልቃጥ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ቡጢ የምታህል ዓሣ ናት። ሥጋዋን በመድኃኒት እንደ መስታወት አጥርተውት አጥንቷ ብቻ ቀይ ቀለም ጠጥቶ ይታያል። የራስ ቅሏ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ከየዓይኗ በላይ አንድ አንድ እሾህ፣ መንጋጋዋ መጋጠሚያ ላይም እሾህ፤ ከግንባሯ ደግሞ እንደ መንጠቆ ዘንግ ቀጭን አጥንት ተነሥቷል።

«ምን አየሽ?» አሉኝ ከኋላዬ። ዓሣዎቹን የሚጠብቁት አሮጊት ኢንግሪድ ናቸው። እዚህ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የሚሉት፤ እኔ «እርስዎ» የምልበት ቃል ባጣ አንገቴን ዝቅ አደርግላቸዋለሁ።

«ይህ የግንባሯ አጥንት የጀርባ ክንፍ እሾህ ነበር፤ ወደ ፊት መጥቶ ነው» አልኩ በተሰባበረ ቋንቋ።

ወንበር ስበው ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጡኝ። «በኖርዌይኛ ማሩልክ ትባላለች» አሉ። «ፀሐይ ከማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ነው የወጣችው። የዚያ አጥንት ጫፍ ያበራል፤ ብርሃኑን ብሎ የመጣውን ዓሣ ትውጠዋለች።»

ቡሬ ላይ የዓሣ አጽም ያስተማርኩት በጠመኔ እየሣልኩ ነው። እርሳስና ወረቀት ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት መወልወያዬን አስቀምጬ አጥንቷን እሥላለሁ።

እሑድ ለአባየ ደውዬ ነገርኳቸው።

«ኧረ ተይ! እንዲያ ያለ ጨለማ ውስጥ ነው የምትኖረው?»

«አዎ አባየ፣ የሰው ዓይን አይደርስባትም።»

«እግዜር ማንም ለማያያት እንዲህ ተጠንቅቆ ሠራት» አሉ ቀስ ብለው።

«ሥዕሏን ልላክልዎ?»

«ይህ ስልኬ ሥዕል አይቀበልም። ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።»

የተሰጠኝ የስደተኛ ወረቀት ሌላ አገር ሁሉ ያስኬደኛል፤ ወደ ቡሬ ግን አያስኬደኝም።

«እሺ አባየ» አልኳቸው። መቼ ብለው አልጠየቁኝም።