በጥቁር ልብሴ የሳቅሁ ቀን

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ፤ ስሙ ይባረክ! አንዳንዶቻችሁን ቅር የሚያሰኝ ነገር አለበትና እስክጨርስ ታገሡኝ።

ከአራተኛ ክፍል ያልዘለልኩ የሞላሌ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ታሞ ሞተና ከሦስት ልጆች ጋር ቀረሁ። ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ። ትልቋ ስታስል «ይቺም ልትሞትብኝ ነው» እላለሁ። ትምህርት ቤት ለመሄድ ወንዝ ስለሚሻገሩ አስቀረኋቸው። በሩን ቆልፌ ሦስቱንም እያየሁ እውላለሁ። ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ «እናቴ፣ ልብሽም ደምሽም ደህና ነው፤ ሐሳብ ነው» አሉኝ። ሐሳቡን የት ልጣለው?

ጎረቤቴ ዘነበች ልብስ ሰፊ ናት፤ ጌታን የተቀበለች። አንድ ልብ ወለድ አምጥታ «አንብቢ፣ ትንሽ እረፊ» አለችኝ።

«ፊደሉን ረስቼዋለሁ» ብላት፣ «እንግዲያ ቶሎ አያልቅብሽም!» ብላ ሳቀችብኝ።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በመጽሐፉ ውስጥ ላለችው ሴት ስጨነቅ የራሴ ጭንቀት ቀለለኝ። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ ሙሽራው ከበቅሎ ወድቆ፣ በቅሎዋ ብቻዋን ሙሽሪት ደጃፍ ስትደርስና ሴቶቹ እልል ሲሉላት፣ እኔም በጥቁር ልብሴ ከት ብዬ ሳቅሁ። የባለቤቴ እህት ለካ በሩ ላይ ቆማለች።

«የወንድሜ ዓመቱ ሳይወጣ ትስቂያለሽ? ልጆቹን ቆልፈሽ ተረት ታነቢያለሽ? ሰኞ አባባ መጥተው ይወስዷቸዋል!»

ልጆቼን ሊነጥቁኝ! ሮጬ ዘነበች ቤት ገባሁ። ወንጌል ሰጠችኝና «ይኼንንም እንደ ልብ ወለዱ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ዝለቂው» አለችኝ። ወንጌልን ከልጅነቴ ስሳለመው ኖሬያለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር። እዚያ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት አለች። አንድያ ልጇን ሊቀብሩ ሲወጡ ጌታ አገኛት፤ ልጁን አስነስቶ ለእናቱ ሰጣት። «ለእናቱ!» ብዬ ጮህኩ። ጌታ ሆይ፣ ሰጪው አንተ ከሆንክ እኔን ምን አስቆለፈኝ? ሕይወቴን ሰጠሁት። ሃሌሉያ!

ሰኞ ጠዋት ልጆቼን ደብተራቸውን አስያዝኳቸው። ወንዙን ሲሻገሩ ቆሜ አየኋቸው።

አማቴ ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። «ልጆቹን አምጪ» አሉ።

«የሉም፣ አባባ።»

«የት ደበቅሻቸው?»

«ትምህርት ቤት ናቸው።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቆልፋባቸዋለች አላልሽኝም?»

«ሳቁስ?» አለች።

«ስቄያለሁ» አልኩ። «ልጅዎ ሳቄን ይወድ ነበር፣ አባባ። ለልጆቹም እናት እንጂ አልቃሽ አያስፈልጋቸውም።»

አማቴም፣ «እስቲ ያሳቀሽን አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። በቅሎዋ ደጃፍ ስትደርስ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ትከሻቸው ግን ይነቃነቅ ነበር። ሲወጡ «ልጆቹ ከእናታቸው አይለዩም» አሉ። ክብር ለጌታ! ጌታን መቀበሌን በኋላ ስነግራቸው አልወደዱትም፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

አሁን ደግሞ ከእኛው መካከል «ድነሻልና ልብ ወለዱን አቃጥዪው» የምትሉኝ አላችሁ። አላቃጥልም! ጌታ ለወንጌሉ ዓይኔን የከፈተልኝ በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ያበላኝበትን እጅ አልነክስም።

ዛሬም ልጆቼ ሲዘገዩ ልቤ ይመታል፤ እጸልያለሁ፣ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፣ ይመጣሉ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እህት እዚህ ካለሽ፣ ጌታን እመኚው። ከአምልኮው በኋላ እኔ ዘንድ ነይ፤ የሚነበብ አለኝ። በማንም ፊት አንገትሽን አትድፊ!