ሲነኩት የሚከፍት ማውጫ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ እዚሁ ልደታ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠራው። ያየውንና የኖረውን በእጁ ጽፎ ሰጠኝና ኮምፒውተር ላይ ተየብኩለት። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ማንበብ የሚችለው ስልኩ ላይ ፊደሉን በጣም አሳድጎ ብቻ ስለሆነ፣ ኢ-ቡክ ላደርግለት ተነሳሁ። ሌላውን ምዕራፍ ሁሉ እያነበብኩለት ሰምቶታል። ስለ ሟች እናቴ የጻፈውን ግን "እሱን ተይው፣ ራሴ አነበዋለሁ" ብሎ እንቢ አለኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ማውጫ መቼም ጉድ ነው። ትየባ ስንማር እንደለመድነው የምዕራፉን ርዕስ ጻፍኩ፣ እስከ መስመሩ ጫፍ ነጥብ ደረደርኩ፣ የገጹን ቁጥር አስቀመጥኩ። አምሮልኛል ብዬ ጌጃ ሰፈር ቤቱ ድረስ ሄጄ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። ፊደሉን ሲያሳድገው ነጥቦቹ ተበታትነው ስክሪኑን ሞሉት። የገጽ ቁጥሩም ውሸት ሆነ፤ ፊደል ሲያድግ ገጹ ይበዛላ! የእናቴን ምዕራፍ ፍለጋ በጣቱ ሲገፋ ሲገፋ ቆየና ስልኩን አስቀመጠው።

"ማውጫሽ ቀጠሮ ይሰጣል እንጂ ጉዳይ አይጨርስም" አለኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ሲያሾፍ እንዲህ ነው። ሳቅኩ፣ ግን ቆጨኝ።

እዚያው ላፕቶፔን ከፈትኩ። ነጥቡንና ቁጥሩን ጠራርጌ አጠፋሁና ፕሮግራሙ ራሱ ማውጫ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ባዶ! ለካ ርዕሶቹን አድምቄ መሀል ላይ ከማስቀመጥ በቀር ምንም አላደረግኩም፤ ለዓይን ርዕስ ይመስላሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያያቸው። እልህ ያዘኝ። እያንዳንዱን እየመረጥኩ የምዕራፍ ርዕስ መሆኑን የሚነግር ምልክት ሰጠሁትና እንደገና አዘዝኩ። ምዕራፎቹ ተራ በተራ ዱብ ዱብ አሉ። አንዱን ስነካው ተከፈተ። ሌላውን ስነካው እሱም! ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አዲሱን ስልኩ ላይ ጫንኩና "አባዬ፣ እንካ፣ የፈለግከውን ንካ" አልኩት።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ርዕሶቹን አንድ በአንድ አለፋቸው። የእናቴ ላይ ሲደርስ ቆመና ነካው። ምዕራፉ ከች አለ፣ ፊደሉ ትልቅ፣ ጥርት ያለ። የመጀመሪያውን መስመር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ልቤ ይዘላል፤ "አየህ አይደል? አየህ?" እላለሁ።

"አየሁ ልጄ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "አሁን ውጪና በሩን ዝጊልኝ።"