የአጨዳ ዜማ

ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ታመሙ ሙዚቀኞች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሲያገኙ ይጠሩኛል። ነገሩ ሁልጊዜ ያው ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጊታሩን ወይም ፒያኖውን ይዞ ይቀመጣል፤ እናቱ ወይም እህቱ በልጅነቱ እንዴት ያለ ልጅ እንደነበር ታወራለች፣ ማልቀስ ያለባት ቦታ ላይ ስትደርስም ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም። ልጆቼ ከፊቴ አንድ ነገር ይጠብቃሉ፣ እኔ ደግሞ የሰውየውን ጣቶች አያለሁ። ጣቶቹ ከታዘዙለት መድኃኒቱን ትቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። የዛሬው መድኃኒት እንደ ድሮው አይደለም ይሉኛል። ይሁን።

ከእኛ ቤትም ፊልም ላይ የወጣ ሰው አለ። በደርግ ጊዜ ነው፣ ሆሳዕና ከተማ። ፊልሙ ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ የሠሩት ሰዎች መታመሙንም አያውቁም።

ታላቅ ወንድሜ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። አኮርዲዮኑ የቤተ ክርስቲያናችን ነው። ያኔ ጴንጤ ይሉን ነበር፤ የሚሉን ሊሰድቡን ነው። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ገና ጢም አላወጣም፤ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ አስከሬን ከቤት ሲወጣ የሚዘመረውን መዝሙር ተጫወተለት። መዝሙሩ በሀዲይኛ ነው፣ ቀስ ያለ ነው፣ ሰው ሲሞት ካልሆነ በሌላ ቀን አይዘመርም። በአካባቢያችን ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ፣ አኮርዲዮኑ ወደ ቀበሌው ኪነት ቡድን። በኪነት ቡድኑ ውስጥ እሱን የሚችል ስላልነበረ ወንድሜም ከዕቃው ጋር አብሮ ተወረሰ። እናቴ አልከለከለችም። ያኔ መከልከል የሚባል ነገር አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ለቀበሌ ስብሰባ ስለ አብዮቱ ይጫወታል፣ ቤት ሲመጣ እጁን ይታጠባል። ለምን እንደሚታጠብ ጠይቄው አላውቅም።

ሕመሙ በእንቅልፍ ማጣት ጀመረ። ከዚያ ሬዲዮው ስለ እሱ እንደሚያወራ ነገረን። ከዚያ መንገድ ላይ ቆሞ መዘመር መጣ፤ ያውም መዝሙር በሚያሳስርበት ዘመን። ሆስፒታል ወስደነው ክኒን ሰጡት። ክኒኑ አስተኛው፣ ዝም አሰኘው፣ ጣቶቹንም ቆለፋቸው። ማንኪያ ሲይዝ እጁ እንደ እንጨት ነበር። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ ታናሽ እህቱ፤ እሱም አገጩን ቀና አድርጎ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።

ዘመዶቻችን የእግዚአብሔርን አኮርዲዮን ለመንግሥት ስለተጫወተበት ነው አሉ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ ወባ ነው ትል ነበር። ጎረቤታችን የነበረው ጉራጌ ባለሱቅ ለወባው ብሎ ሎሚ ይልክልን ነበር። እኛ የደበቅን መስሎን ነበር እንጂ ለካ እሱም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ኪነት ውስጥ መሆኑ አንድ ጥቅም ነበረው። ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የኪነት ልጆችን ያልፋቸው ነበር። ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ድሮ መዘምራን ውስጥ ከወንድሜ ኋላ ቆሞ ይዘምር ነበር፣ አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ቆሞ ተናገረ። ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ሊመጡ ነው፤ ስለ አካባቢው ሕዝብ ኑሮና ባህል የሚሠሩት ፊልም ላይ የኪነት ቡድናችንም ይኖራል፤ ያለ አኮርዲዮን አይሆንም። ወባው እስከዚያ ካልለቀቀው በቦታው ሌላ ሰው ያስገባል። ሌላ ሰው ካስገባ ደግሞ በሚቀጥለው ምልመላ ሊያልፈው አይችልም። ይህን ሲል ወንድሜን ሳይሆን ምድጃውን ነበር የሚያየው።

የዚያን ዕለት እናቴ ክኒኑን አልሰጠችውም፤ በማግስቱም አልሰጠችውም። ክኒኑ የሚቀመጥበት ጣሳ ከቦታው አለመነሳቱን አይቼ አወቅሁ። እሷም ማወቄን አየች።

«ጣቶቹ ይፈቱለት» አለች።

ጣቶቹ ተፈቱ። መጀመሪያ ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። ከዚያ ቆጮውን ራሱ ቆርሶ በላ፣ ድገሙኝ አለ። ፀጉሬን አይቶ ፎንቆ ገበያ የምትሸጥ ዶሮ ትመስያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው የምለው፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴም ፊቷ በርቶ ነበር። ግን መተኛት ትቶ ነበር፤ ሬዲዮው አጠገብ ሲደርስም እንዳይሰማው የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ፊልሙ ይለፍ አልን።

የፊልሙ ሰዎች መጀመሪያ ፎንቆ ሄደው ገበያውን አነሱ፣ ስንዴ የሚያጭዱ ገበሬዎችንም አነሱ፤ ከዚያ ወደ እኛ መጡ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኪነቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ ተሰለፈ፣ ከተማውም ለማየት ወጣ። ፊልሙን የሚመራው ሰውዬ ጨዋ ሰው ነበር፤ እናቴ የአኮርዲዮን ተጫዋቹ እናት መሆኗን ሲነግሩት ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። የሚጫወቱት ስለ ገበሬዎች ማኅበር የተገጠመ ዘፈን ነበር፤ ከልምምዱ ብዛት የሰፈር ውሾች ሁሉ ሊሸመድዱት ምንም አልቀራቸውም። ካሜራው ማንሳት ጀመረ። ልጆቹ ለጭፈራ እጃቸውን ወደ ላይ አወጡ።

ወንድሜ የቀብሩን መዝሙር ጀመረ።

የልጆቹ እጅ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከተመልካቹ መሐል አሮጊቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ የለመደ አካል ነው፣ ሳያስቡት ነው። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹን እየጣለ እያነሳ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲጫወት ሰምቼው በማላውቀው አኳኋን ይጫወታል። እናቴ አፏን በእጇ ይዛለች። እኔ ፈርቼ ነበር ብዬ ብናገር ይሻል ነበር፤ ግን አልፈራሁም፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው ሁሉ የሚያየው እግሮቼን መሰለኝ፣ አቧራ ነበረባቸው።

በሜዳው ላይ ምን እንደሚሰማ የማያውቁት እንግዶቹ ብቻ ናቸው። የፊልሙ መሪ ማንም እንዳያቋርጠው እጁን ዘርግቶ ከለከለ። ሲያበቃ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ፣ የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ነው፣ ይህ ዜማ የምን ነው ብሎ ጠየቀው። ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ።

«የመኸር ዜማ ነው፣ ጓድ» አለ። «ሕዝባችን ሰብል ሲያጭድ ነው የሚያዜመው።»

መሪው ለካሜራ ሰውዬው ነገረው፤ የካሜራው ሰውዬም ራሱን ነቀነቀ። ከከተማው ሰው አንድም የተነፈሰ የለም።

መኪናቸው ከሄደ በኋላ ወንድሜ አኮርዲዮኑን አላወርድም አለ። እየተጫወተ መንገዱን ይዞ ወጣ፣ የታሸገው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሄዶ ቆመ፣ እዚያም የሚያውቀውን መዝሙር ሁሉ በተራ እየተጫወተ ይዘምር ጀመር። ድምፁ ጠፍቶ እስኪቀመጥ ሊያስቆመው የደፈረ የለም። ሊቀመንበሩ ወዲያው ቤታችን መጣ፣ በዚህ ጊዜ ግን ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ዛሬ ዋሽቼልሻለሁ» አላት። «ነገ ግን ከአውራጃ ሰው ይመጣል። ነገ አልችልም።»

አዲስ አበባ የሚሄድ የእህል መኪና አገኘልን። ወንድሜን ጋቢናው ውስጥ በእናቴና በሾፌሩ መሐል አስቀምጠው ወሰዱት። የአእምሮ ሆስፒታል ገባ፣ በጋውን ሁሉ እዚያው ቆየ። ሲመለስ ወፍሯል፣ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ውትድርናው ቀረለት። በሆስፒታሉ ሰበብ ከምልመላው ስሙ ተሰረዘ፤ እናቴ የፈለገችውን አገኘች ማለት ይቻላል። አኮርዲዮኑን ለሌላ ልጅ ሰጡት፣ ልጁም እንደ ወፍጮ ያስጮኸው ነበር። ወንድሜ ሲሰማው አንገቱን አያዞርም። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ክኒን አላሳለፈችበትም፤ ውሃውን ይዛ እስኪውጥ ፊቱ ትቆማለች። የሸሚዙ ቁልፍ እንደገና የእኔ ሥራ ሆነ።

ፊልሙን አገር ለአገር የሚዞረው ሲኒማ ያመጣልን በሌላው ዓመት ነው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ሰቀሉ፣ ጄኔሬተሩ ደጅ ይጮሃል። ቀበሌው ሁሉም ሰው እንዲገኝ ስላዘዘ ሁላችንም ተገኘን። የተቀመጥነው በቤተ ክርስቲያናችን ወንበሮች ላይ ነው፤ ወንድሜ በእኔና በእናቴ መካከል።

የፎንቆ ገበያ መጣ፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው እያየ ሳቀ። ከዚያ ገበሬዎች ስንዴ ሲያጭዱ መጣ፣ በእሱም ላይ አኮርዲዮኑ ተሰማ። አንድ ደስ የሚል የወንድ ድምፅ ይህ የአካባቢው ገበሬ ምርቱን ሲሰበስብ ደስታውን የሚገልጽበት ጥንታዊ ዜማ ነው አለ። ማጭዱ ይሄዳል፣ ነዶው ይታሰራል፣ መዝሙሩ ይወርዳል። ሊቀመንበሩ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

ከዚያ የወንድሜ ፊት አቡጀዲውን ሞላው። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ከከንፈሩ ጥግ ትንሽ ፈገግታ አለ። ከዚያ ጣቶቹ ብቻ መጡ። በቅርብ ነው ያነሷቸው፤ ሲሮጡ፣ ሲዘገዩ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይታያል። ወደ ጎን አየሁ። እነዚያው ጣቶች ጉልበቱ ላይ ተዘርግተው ተቀምጠዋል። ያን ሰው ያወቀው አልመሰለኝም። መዝሙሩን ግን አወቀው፤ ከሰውነቱ ያልወጣ እሱ ብቻ ነበር።

ወደ እናቴ ዘንበል አለ።

«እማ» አላት በሀዲይኛ፣ «የማን ቀብር ነው?»

ሳይጠየቅ ሲናገር ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴቶች ሰሙት፣ አልዞሩም። እናቴ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቀብር አይደለም፣ ልጄ» አለችው። «አጨዳ ነው። እያቸው፣ ስንዴ እያጨዱ ነው።»

አመናት። እስኪያልቅ ድረስ አጨዳውን አየ።