ትኩስ ብረት አይጠመቅም

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ለደብረ ማርቆስ ከምንጭ ውሃ የሚያመጣ የብረት ቱቦ ሲዘረጋ በያጁ እኔ ነበርኩ። በብየዳ የሚስተካከለኝ ከዓባይ ወዲህ አልነበረም፤ ከዓባይ ወዲያ ያለውን አልጠየቅሁም። ታዲያ ያ ብየዳዬ ይሰነጠቅ ጀመር። የሥራው ካቦ ጠዋት መጥቶ መዶሻ ሲያሳርፍበት እንደ ገል ቷ ይላል።

«ነገም ከተሰነጠቀ በጭነት መኪናው ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለህ» አለኝ። እንዳልዘነጋው ፍራሼን አስቀድሞ አስጫነው።

እኔን የገረመኝ ግን የስንጥቁ ቦታ ነው። እኔ የበየድሁት ደህና ነው፤ የሚሰነጠቀው ከጎኑ፣ እሳቱ የገረፈው የቱቦው ገላ ነው። ስባሪውን ወደ ፀሐይ ሳዞረው ቅንጣቱ እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል። አንድ ያልተሰነጠቀ መጋጠሚያ ነበርና ከሱ ቀለበት ቆርጬ ቀጠቀጥሁት። ተጣመመ እንጂ አልሰበር አለ። በግድ ስገነጥለው ውስጡ ግራጫ፣ እንደ ቋንጣ ጭረት ጭረት ያለው ነው። ብረቱ አንድ፣ በያጁ አንድ፣ ሆዱ ግን ሁለት ዓይነት።

ያ ደህናው የተበየደ ዕለት ምን ተለየ? ሳስብ ሳስብ ጭንቅላቴ ከብየዳው በላይ ጋለ። ለካ ያን ዕለት የአጥቢያው ቄስ ለተዝካር ወደ አማኑኤል ከተማ ሄደው ነበር። ሌላ ጊዜ መጋጠሚያው ገና ፍም መስሎ ሳለ ይመጡና ማሰሮ ሙሉ ጠበል ያፈሱበታል፤ የጎጃም ቄስ በጠብታ አይባርክም። ቀጥቃጭ የጋለ ማጭዱን ውሃ ውስጥ የሚነክረው ብረቱ ደርቆ እንዲጠነክርና ስለት እንዲይዝ ነው። ለማጭድ የሚበጀው ድርቀት ቱቦውን ተሰባሪ አድርጎ እየገደለብኝ ኖሯል።

«አባ፣ ጠበልዎ ብረቱን እያስደነገጠው ነው» አልኳቸው፣ መስቀል ተሳልሜ።

«ጠበል የሚያስደነግጠው ሰይጣንን ነው። ብረት ምን በወጣው?»

«ትኩስ ሆኖ ነው፣ አባ። ገና መወለዱ ነው።»

ጢማቸውን አሻሹ። «ይኸን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር? ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ቱቦህ ወንድ ነው ሴት?»

«ኧረ አባ፣ ወንድም ቢሆን ክረምት ይገባብናል» አለ ካቦው ከኋላ።

«እንግዲያስ ብረት ቶሎ ያድጋል፤ እስኪበርድ ይበቃዋል» ብለው ፈረዱ። «አራስ ነውና ነፋስ ግን እንዳያገኘው።»

ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ቆርጦ ኪስ የሚከት ነው። ከየጠላ ቤቱ ምድጃ አመድ በጆንያ ለምነን፣ አዲሱን መጋጠሚያ ገና እንደጋለ ቀበርነው፤ ቀስ ብሎ በርዶ አደረ።

በማግስቱ ቄሱ አመዱን ገለጥ አድርገው፣ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው በጣታቸው ጀርባ ዳሰሱት። በርዷል። እስከ አንገቱ ጠበል የሞላውን ማሰሮ ደፉበት። ካቦው መርጡለ ማርያም ድረስ የተሰማ ምት አሳረፈ። ቱቦው ጎደጎደ። ደገመው፤ ባሰውን ጎደጎደ፣ አልተሰነጠቀም። ጎንበስ ብሎ ጎኑን በጥፍሩ ፈተሸ።

ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

«የዚህን ሰውዬ ፍራሽ አውርድለት» አለው ካቦው።