የጋሼ ደምሴ ትንሿ ጣት

ጅቡቲ ሆስፒታል ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያስረከቡኝ በሽተኛ ሳይሆን የሽመና ዕቃ ነበር። ሐኪሙ ፈረንሳዊ ነው። በአስተርጓሚ፣ "ሸማኔ ነህ አሉኝ። ቁስላቸው ሽሮ ጣታቸው አልታጠፍ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ሽመና አስተምራቸው። ጨርቁን አልፈልገውም፤ የምፈልገው ጣታቸውን ነው" አለኝ። ጨርቅ የማይፈልግ አሠሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ሰው ማፈስ ሲጀምር ነው። ከግመል ነጋዴዎች ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጬ ስደርስ ከዕቃዬ የተረፈኝ ማግ የማሳልፍበት መወርወሪያዬ ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠዋት የበሽተኛውን እጅ ለብ ባለ ውኃ እነክራለሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋለሁ። ከዚያ መወርወሪያ አስይዘዋለሁ። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየመጣ ጣት ከመዳፍ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ይለካል።

ጥቂት ወራት እንደሠራሁ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ፣ ከሸዋ ሮቢት አጠገብ የቀወት ገበሬ መጡ። ጥይት ቀኝ መዳፋቸውን በስቶት፣ ቁስሉ ቢድንም አራቱ ጣቶቻቸው ተገትረው ቀርተዋል። ያገሬን ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። መወርወሪያውን ስሰጣቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"መወርወሪያ ነው፣ ጋሼ። ጣትዎን ያፍታታልዎታል።"

"እኔ ገበሬ ነኝ። ደምሴ ተሰዶ ሸማኔ ሆነ ተብሎ አገሬ ከሚሰማ እጄ ደርቆ ቢቀር ይሻለኛል።"

አባቴም ሸማኔ ነበር። እሱ የሠራውን ጋቢ የለበሱ ሰዎች እሱን ቡዳ ይሉት ነበር። እስከ ባሕሩ ጠረፍ ድረስ ተሰድጄም ያው ነገር ስለጠበቀኝ ተናደድኩ። እንደፈቀዱ ብዬ ተውኳቸው። በየቀኑ ባጠገባቸው እያለፍኩ የሌላውን እጅ እነክር ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ "እምቢ አሉ" አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ ለካና፣ "የትንሿ ጣት መገጣጠሚያ ደርቋል። ሌሎቹም ሊከተሏት ነው" አለ።

ይኼ ሲተረጎምላቸው ጋሼ ደምሴ ግራ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። "በግራዬ ማረስ እለምድ ይሆናል" አሉ። "ወንጭፍ ግን በግራ አልችልም። ማሽላዬን ወፍ ይጨርሰዋል።"

ያን ጊዜ አፈርኩ። በማግስቱ ከድር የተረፈ ክር ይዤላቸው ሄድኩና "ወንጭፍ ይጎንጉኑልኝ" አልኳቸው።

"ወንጭፍስ እሺ" አሉ።

ጎንጉነው ሲጨርሱ፣ የወጥ ቤቱን ትራፊ የሚለቅሙ ቁራዎች ወደሚያርፉበት ግቢ ወሰድኳቸው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጣሪያ መታ። ሐኪሙ ደንግጦ ወጣ፤ የጋሼ ጣቶች ወንጭፉ ላይ መታጠፍ መጀመራቸውን አይቶ ማስመሪያውን ኪሱ ከተተና ተመለሰ። ከወር በኋላ ሦስቱ ጣቶች መዳፍ ነኩ። ትንሿ አልታጠፈችም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሬ ገባሁ። ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ ቀወት ወርጄ ጋሼ ደምሴን ማማ ላይ አገኘኋቸው፤ ወንጭፋቸው በቀኝ እጃቸው ነው። ወርደው እሸት ጠብሰው ይፈለፍሉልኝ ጀመር። ትንሿ ጣት እንደተገተረች ናት።

"ይቺን እንኳ ጥይቱ ወሰዳት" አሉ።

"ጥይቱ አይደለም፣ ጋሼ። ተቀይሜ የተውኩዎት ጊዜ ነው የደረቀችው።"

አየት አደረጉኝና ጣታቸውን ተመለከቱ። "እኔም ሰድቤህ ነበር" አሉ፤ እሸቱንም ጨመሩልኝ።

ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ ለገቡት የምለው ይኼን ነው። በሽተኛ ቢሰድባችሁም ጣቱን በዚያው ቀን አሠሩት። ቂም ለነገ ቢያድር የትም አይሄድባችሁም፤ ጣት ግን ሳይሠራ ካደረ ይደርቃል።