እዚያ ልብስ በስንት ሰዓት ይደርቃል?

እኔ ያደግሁት ሰማይ በማይታመንበት አገር ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብሎ ጃንጥላውን ቤት ትቶ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል። ልብስ አጥበን ስናሰጣ አንዱ ዓይናችን ገመዱ ላይ፣ ሌላው ደመናው ላይ ነው። ያልደረቀ ካልሲ አድርጌ ትምህርት ቤት የሄድኩበትን ቀን ብቆጥር አልጨርሰውም። ስለዚህ ወንድሜ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ስልኩን አውጥቶ የኮንሶን ቀይ ገደል ሲያሳየን፣ ሁላችንም አፍጥጠን ያየነው እውነት አልመስል ብሎን ነው።

ገደሉ ውስጥ ዛፍ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ቀዩ አፈር እንደ ፎቅ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሰዎች ኒውዮርክ ይሉታል አለ ወንድሜ። ወንድሜ ከሚዛን ቴፒ ሰው የሚያመላልስበት አባዱላ ስላለው፣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የአገሩን መንገድ በሙሉ ያወቀ ይመስለዋል። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ የሆነው አባቴ መነጽሩን አድርጎ ስለ አፈር መሸርሸር ማስተማር ጀመረ። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትምህርቱ ሳያልቅ "እንሂድ" አለች። እናቴ ግን ስልኩን ተቀብላ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ያዘችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"እዚያ ልብስ በስንት ሰዓት ይደርቃል?"

"የመጨረሻውን ስታሰጪ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቅሻል" አላት ወንድሜ።

እናቴ ስልኩን ቶሎ አልመለሰችም። ሁላችንም ተያየን። እናቴ ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትፈልግ አይተን አናውቅም፤ ያን ቀን ግን ፊቷ ላይ ነበር። እኔ እዚያው ቆረጥኩ፤ ይህ ጉዞ የሚደረገው ለእሷ ነው፣ እሷ ከሌለችበትም አይደረግም።

እንዲህ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤታችን ጀርባ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች አሉ፤ በእንጨት እግር የቆሙ፣ ላያቸው ላይ ሽቦ የተወጠረባቸው። ለቀማው ሲጀመር ቀዩ ቡና እዚያ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል፣ ደመና ሲመጣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ዝናቡ ሲያልፍ እንደገና ይገለጣል፤ በመሀሉ በእጅ ይገላበጣል። ይህ በቀን አንዴ ብቻ የሚሆን ነገር አይምሰላችሁ። ሚዛን ነው ያልኳችሁ። ቡናውን የተከለው አባቴ ነው፣ የምንለቅመው ሁላችንም ነን፣ ሰማዩን የሚጠብቅ ግን ከእናቴ ሌላ ሰው የለም።

ልጆች ሳለን አንድ ጊዜ ሸኮ ለቅሶ ሄዳ አድራ ነበር። አባቴ ዝናቡ ካባራ በኋላ ደርሶ የረጠበውን ቡና ጥሩ አድርጎ ሸፈነው። ስትመለስ ቡናው ሻግቶ ጠበቃት። አባቴን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ አልጋው ላይ ቡና እያለ ከከተማ ወጥታ አታውቅም። ሠርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ድርሻዋን በእኛ ትልካለች። እኔ ጂማ ስመረቅ ፎቶው ላይ አባቴና ወንድሜ አሉ። እሷ የለችም። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል።

ዕቅዱን የያዝነው ከጥምቀት በኋላ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ እንድንሄድ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ቡና ደርቆ ይገባል። አባቴ ከማስተማር ዘመኑ የቀረችውን የግድግዳ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋትና አራቱን ጫፎች በስኒ አስያዛት። በካርታው ላይ ኮንሶ ጎረቤታችን ናት፤ ኦሞን መሻገር ነው። አባቴ ጣቱን ከሚዛን ቀጥ አድርጎ ሳበው።

"አባዬ፣ በጣትህ ከሆነ ለምሳ እንደርሳለን" አለው ወንድሜ።

አባቴ ተቀየመ፤ ቅያሜው እስከ ራት ቆየ። በመጨረሻ በቦንጋ አድርገን ጂማ፣ ከዚያ ሶዶ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶ እንድንሄድ ተስማማን። ተስማማን ስል ወንድሜ ወሰነ፣ አባቴም ድሮም ያሰበው እንደዚያ እንደነበረ ነገረን።

ዕቃው ሳሎን ጥግ ላይ መከመር ጀመረ። አባቴ ቦቲ ጫማውን አመጣ። ወንድሜ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢገባ ብሎ አካፋና መጎተቻ ገመድ አቀረበ። እኔ ለየሰዉ ጃንጥላ፣ ልጄ የዝናብ ልብሷን። ሁለት ትልልቅ ላስቲክም ጨመርኩ፤ ዕቃው መኪናው ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ እንዳይርስብን ብዬ። ክምሩን እያየሁ በራሴ ብልህነት ረክቼ ነበር።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ባለሱቅ ጎረቤት አለችን። የመጣችው ከቡታጅራ በኩል ነው፤ እዚህ ከመክፈቷ በፊት አርባ ምንጭ ነግዳለች። አንድ ከሰዓት ገብታ ክምሩን አየችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"በረሃ ነው ያላችሁኝ ወይስ ዝናብ የማያባራበት ጌጫ?" አለች። "የውሃ ጀሪካኑ የታለ?"

ማናችንም አላሰብነውም። እኛ አገር ውሃ ይዞ መንገድ የሚወጣ የለም፤ ውሃው ራሱ ይከተላል። ካርታ ያነጠፈው አስተማሪም፣ ባለ መኪናውም፣ እኔም፣ ውሃ ወደሌለበት አገር ለጭቃ ተዘጋጅተን ልንሄድ ነበር። እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። ጎረቤታችን ጀሪካን ልታመጣ ወደ ሱቋ ስትመለስ፣ በር ላይ ቆም ብላ እግረ መንገዷን "እትዬ፣ ቡናውን እኔ አይልሻለሁ፣ አታስቢ" አለቻት። እናቴ ሳቋን አቆመች።

አልጋው ላይ የቀረው የመጨረሻው ለቀማ ብቻ ነበር፤ ቢደርቅ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ የማይሞላ። ለእናቴ ግን ቡና ቡና ነው። ጎረቤቷን በክፉ አትጠራጠራትም፤ ደመናን ታውቃለች ብላ አታምንም እንጂ። ስለዚህ እኔ ልምምድ እናድርግ አልኩ። አንድ ቅዳሜ እናታችንን ይዘን ቴፒ እንሄዳለን፣ እዚያ ምሳ በልተን እንመለሳለን፣ ባለሱቋም ቡናውን ትጠብቃለች። እናቴ ቃል ገባች፣ ነጠላዋንም ለበሰች፣ ከወንድሜ ጎን ጋቢና ተቀመጠች።

ሸኮ ስንደርስ የመኪናው መስታወት ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እናቴ እጇን ወንድሜ ክንድ ላይ አደረገች። እሱም መሪውን አዞረ። ከኋላ ሆኜ ተናድጄ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን ሱቋን ዘግታ፣ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች። ቡናው ተሸፍኗል፤ ያውም ዝናቡ ሳይጀምር። እናቴ የላስቲኩን ጫፍ አንሥታ አየች፣ እጇን ከታች አስገብታ ዳበሰች፣ አሸተተች። ከዚያ ላስቲኩን ገፈፈችና ራሷ እንደገና ሸፈነችው።

"ጫፉ ላይ ድንጋይ አልተጫነበትም ነበር" አለች።

"እትዬ፣ ድንጋዩ እኮ እኔ ነበርኩ፤ ጫፉ ላይ ተቀምጬበት" አለች ባለሱቋ፤ እየሳቀች ሱቋን ልትከፍት ሄደች።

ያን ዕለት እናቴ እንደማትሄድ ነገረችን። "እናንተ ሂዱ፣ በስልክ ታሳዩኛላችሁ" አለች። ሁላችንም ለመናት። አባቴ እንኳ የእኔን ጥፋት ስንት ዓመት ትሸከሚልኛለሽ ብሎ ለመናት። እሷ ግን አልጋው ጋ ቆማ ቡናውን ታገላብጣለች። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና አፌ አመለጠኝ።

"ስመረቅ እንኳ አልመጣሽም" አልኳት።

እናቴ ቀና አላለችም። "ያስመረቀሽ ማን ሆነና?" አለች፤ እጇ ቡናው ውስጥ እንደነበረ።

ልክ ነበረች፣ ልክ መሆኗም ይበልጥ አናደደኝ፣ አሳዘነኝም። ያ ቡና አስተምሮኛል፤ ያው ቡና ደግሞ እናቴን ከጎኔ አስቀርቷታል። ሁለቱም እውነት ነው፣ የትኛውን እንደምይዝ አላወቅሁም። ቤት ገብቼ ጃንጥላዎቹን ከክምሩ ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣሁ ወደ ቦታቸው መለስኩ። እሷ ካልሄደች የሚሄድ የለም ብያለሁ፣ በቃ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጃንጥላዎቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን አየች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ መጥታ ካርታውን ቁልቁል ተመለከተች። ማንበብ ትችላለች፣ ካርታ ላይ ግን እምነት የላትም።

"እዚያ ልብስ በስንት ሰዓት ይደርቃል ብላችሁኝ ነበር?" አለች።

ወንድሜ የድሮ መልሱን ደገመላት።

"እና ቡናስ?"

መጀመሪያ የገባት ልጄ ናት። "አያቴ ቡናውን ይዛ ልትሄድ ነው" አለች። አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ወንድሜ እርጥብ ቡና ከመንገደኛ ጋር መኪና ላይ እንደማይጫን፣ ኬላ ላይም እንደሚያስቆሙን፣ ደግሞም ከቡና አገር ወደ በረሃ ቡና ይዞ የሚሄድ ሰው ቢያዩ እንደሚስቁብን አስረዳ። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ "ይሳቁ" አለች። እኔ ሮጬ ጃንጥላዎቹን መልሼ አመጣሁ።

አባቴ ለኬላው ከቀበሌ የቤት ፍጆታ ነው የሚል ወረቀት አጽፎ መጣ፤ ከሻገተው ቡና ወዲህ እሷን የሚክስበት ያገኘ ይመስል ደረቱን ነፍቶ። በመውጫችን ጠዋት ቡናው በላላ ጆንያ ሆኖ ከጀሪካኖቹ ጎን ፖርቶ መጋላው ላይ ወጣ። እናቴ ጋቢና ገባች። ሸኮ ላይ ያዞረችን እጅ አሁን ጭኗ ላይ ነበረች። ከአማን ወጥተን ወደ ቦንጋ ስንታጠፍ ዝናብ ጀመረ፤ እሷም "ላስቲኩ ድንጋይ አለው?" ብላ ጠየቀች። ፖርቶ መጋላ ላይ ድንጋይ እንዴት ይጫናል? ወንድሜ ግን አለው አላት፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ባደርንበት ሁሉ ቡናው እንዳይታፈን ይሰጣል። ጂማ የአልቤርጎው ዘበኛ ጓሮ ላይ የተነጠፈውን ቡና አይቶ ነጋዴ ናችሁ ብሎ ሊያስወጣን ነበር፤ የእናቴን አገላበጥ አይቶ ተወን። ከሶዶ ወዲያ አየሩ ተለወጠ። ከአርባ ምንጭ ወዲያ የልጄ ከንፈር ተሰነጠቀ፣ ሁላችንም ውሃ ውሃ አልን፣ ጎረቤታችንንም በየጀሪካኑ መረቅናት።

ኮንሶ ደርሰን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ታች ቀዩ አፈር ብቻ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ቅጠል የለም፣ ጭጋግ የለም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ገደሉን የሚያሳየንን ወጣት አስጎብኚ ይህን ሁሉ ማን ቆረጠው አለችው።

"ዝናብ ነው፣ እናቴ" አላት ወጣቱ።

እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። "እዚህም አለ ማለት ነው" አለችና ወደ ማረፊያችን እንድንመለስ ጠየቀች። አባቴ ስለ አፈር መሸርሸር ሊያስረዳት አፉን ከፈተ፤ በክርኔ ነካሁት።

ማረፊያችን ግቢ ውስጥ ላስቲኩ ላይ የተሰጣው ቡና ጠቁሮ ነበር። እናቴ አንዲት ፍሬ አንሥታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻት። ውስጡ ያለው ፍሬ ሲንኳኳ እኔም ሰማሁ፤ ደርቋል ማለት ነው። ሌላ አነሣች፣ ያችም ተንኳኳች። እናቴ ከላስቲኩ ጎን ነጠላዋን አንጥፋ ሰማዩን ልትጠብቅ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ጋደም አለች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናቴ በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ቡናው ተገልጦ ሳለ ደግሞ ጨርሶ። አባቴ ኮንሶ እንደገባን ሰዎች የሳቁበትን ጃንጥላ አመጣና ፊቷ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ከራስጌዋ ዘርግቶ ቆመ። ወንድሜ ፎቶ ላንሣ ሲል በእጄ ከለከልኩት። ሳሎናችን የተሰቀለው ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ያን ሰዓት አልከነከነኝም።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ምን እያየሽ ነው አለችኝ። ለካ ቀና ብዬ ደመና እየፈለግሁ ነበር።

"አያትሽ እስክትነቃ ነው" አልኳት።