ከጉድጓዱ ግድግዳ የተዛቀ ዘር

በጅጅጋ ዙሪያ ባለው ሜዳ እህላችንን የምናስቀምጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱን በካር እንለዋለን። የእኛ በካር የሦስት ወንድማማቾች ነበር፤ የታላቁ፣ የባሌና በሞት የተለየን የታናሹ። ታናሹ ሚስቱንና ትንንሽ ሴት ልጆቹን ትቶ ሄዷል።

በካር ሲከፈት ወዲያው አይገባበትም፤ የታመቀው አየር ሰው ይገድላል። ክዳኑን አንስተን እስኪተነፍስ እንጠብቃለን። ከዚያ ድርሻ የሚወጣው በዕድሜ ነው። ታላቁ ከመሀል ያወጣል፤ ባሌ ይከተላል፤ የታናሹ ቤት ከግድግዳውና ከታች የቀረውን ይወስዳል። በደህና ዓመት ማንም ልዩነቱን አያየውም። አንድ ዓመት ግን በካሩ ከተዘጋ በኋላ ዝናብ ያለጊዜው ጥሎ ውሃ ሰርጎ ኖሯል። ከመሀል ደህና ማሽላ ወጣ። ከግድግዳው የተዛቀው እርስ በርሱ ተጣብቆ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«ሻጋታው ይጣል፤ ደህናው ለሦስት ይከፈል» አልኩ።

«እኩል ሰፍሬያለሁ» አለ ታላቁ። «ጣሳ አያዳላም።»

«ጣሳማ አያዳላም። የያዘው እጅ ነው የሚያዳላው።»

«ሴትዮ፣ አንቺን ማን ዳኛ አደረገሽ?»

«አፍንጫዬ!»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ድርሻው እንዳለ ቀረ።

ሟቹ ለሚስቱ የተወላት ማሳ ፍሬ ካልሰጠ ታላቁ እንደሚያርሰው፣ እሷም ልጆቿን ይዛ ከተማ ሰው ቤት እንደምትገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ከግድግዳው የደረሳትን ማሽላ ለዘር ብላ ውሃ ጉድጓድ ወስዳ ደጋግማ አጠበችው፤ ጆንያ ላይ አስጥታም አደረቀችው። እውነትም ነጣ።

«አባዮ፣ እስቲ እዪው!» አለችኝ፤ እህቴ ሆይ ማለቷ ነው። «ታጥቦ የጸዳ ነገር ለሶላት ይበቃል፤ ለአፈር አይበቃም?»

ምን ልበላት? ውሃ ሁሉን ያጠራል ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ግን ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ከራሳችን ዘር የተረፈችውን ጥቂት አምጥቼ ሰጠኋት። እሷን በማሳው የመንገድ ዳር ለብቻ፣ የታጠበውን በቀረው ማሳ ላይ ዘራች።

ዝናቡ መጣ። የሰው ማሳ ሲለመልም የእሷ እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ጫፉ የደረቀ። አንዱን ቡቃያ ነቀልኩ። ሥሩ አጭርና ቡናማ ነው፤ እንደ ተቃጠለ ክር በጣቴ ተበጠሰ። በመንገዱ ዳር ያለው ግን እስከ ጉልበቴ ደርሷል።

ከጅጅጋ ለመጣ የግብርና ባለሙያ አሳየነው። ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ።

«እማማ፣ ሻጋታው ታጥቦ ይሄዳል» አለኝ። «የተከለው መርዝ ግን ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ዘሩ ገና ሥር ሲያወጣ ነው የሚያቀጭጨው። ከዘሩ የተረፈውንም እንዳትበሉት። ለፍየልም አትስጡ።»

«እንግዲያ ምን ልብላ?» አለችው እሷ።

ልጁ ዞሮ ወደ ካራማራ ተመለከተ፤ ተራራው የሚያውቅ ይመስል።

ታላቁን ከተቀመጠበት አስነስቼ ማሳው ድረስ ወሰድኩት።

«መሬቱ ደክሟል» አለ ገና ሳይደርስ።

«መሬቱ አንድ ነው። ዝናቡም አንድ ነው። ይኸኛው የእኔ ዘር ነው፤ ያኛው ያንተ ጣሳ። አሁን ጣሳህን ጠይቀው!»

ጎንበስ አለ። አንድ ቢጫ ቡቃያ ነቅሎ ሥሩን አየና ጣለው። «የቀረኝን ዘር ልስጣት» አለ በመጨረሻ። ሰጣትም። ነገር ግን የመዝሪያው ጊዜ አልፎ ነበር፤ የበቀለው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። የመንገዱ ዳር ማሽላ ልጆቿን ጥቂት ጊዜ አበላ። ከዚያ ቤቷን ዘግታ ቁልፉን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ወደ ጅጅጋ ወጣች። ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በካሩ ሲከፈት ታላቁ ራሱ «ሻጋታውን ለዩና ጣሉ፤ ደህናው እኩል ይሰፈር» ብሎ አዘዘ። ከዚያም ደስ እንዲለኝ የጠበቀ ይመስል አየኝ። የሷ ድርሻ ተሰፍሮ ጆንያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ዘሩ ንጹሕ ነበር፤ እፍኝ አንስቼ አሸተትኩት። የእሷን ማሳ ግን እሱ አርሶታል።

«ለማን ነው የምትሰጠው?» ብዬ ጠየቅኩት።